የወተት ቅባትና ከፍ ያለ ስኳር፦ ምክሩ ስንት ጊዜ ተገለባበጠ?

«ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ግን ገና በሽታ አልሆነም» የተባለ ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ እንጀራው ነው፤ ቀጥሎ ስለ ቅቤውና ስለ ወተቱ። ስለ እንጀራው የሚሰጠው መልስ ብዙ አይለያይም። ስለ ወተቱ ግን ምክሩ ከዘመን ዘመን ሲገለባበጥ ኖሯል። እንዴት እንደተገለባበጠ ማወቅ ዛሬ ምን መብላት እንዳለብን ለመወሰን በጣም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ የትኛው ሰው እንደምናወራ እናስቀድም። በአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር መለኪያ፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም የሆነ፣ ወይም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ውጤቱ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ የደረሰ ሰው ቅድመ ስኳር በሽታ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በባዶ ሆድ የሚለካውን ከ110 ይጀምረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅባትን ሽሹ የሚለው ምክር የመጣው ከስኳር ሳይሆን ከልብ በሽታ ፍርሃት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ1961 ሳቹሬትድ የሚባለውን፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን ቅባት እንዲቀንሱ ሰዎችን መከረ። በ1977 በሴናተር ጆርጅ ማክገቨርን የሚመራው ኮሚቴ ለአሜሪካውያን የአመጋገብ ግቦችን ሲያወጣ፣ በሙሉ ወተት ፈንታ ቅባቱ የወጣለትን መጠጣት ከምክሮቹ አንዱ ነበር። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ለልብ በሽታም የተጋለጠ ስለሆነ ያው ምክር ለእሱም ተሰጠ። ስኳሩን ራሱን ይቀንስለት እንደሆነ ግን በወቅቱ የፈተነ አልነበረም።

በ2002 ውጤቱ የወጣው ታላቁ የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ምክሩን ያጸና መሰለ። ስኳራቸው ከፍ ያለ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አመጋገባቸውን ያስተካከሉት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱትና ክብደት የቀነሱት ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። የምግቡ መርሐ ግብር ቅባት የሚቀንስ ስለነበር ብዙዎች ምስጋናውን ለቅባት መቀነስ ሰጡት። በ2006 የወጣው ትንተና ግን ዋናውን ሥራ የሠራው ክብደት መሆኑን አሳየ፦ ከእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ ጋር አደጋው 16 በመቶ ይወርድ ነበር። ከ48,000 በላይ አሜሪካውያን ሴቶች የተካፈሉበት ሌላ ረጅም ጥናትም ቅባት መቀነስ ብቻውን ስኳር በሽታን በጉልህ እንደማይከላከል በ2008 አመለከተ።

በዚሁ መካከል ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ሰው ትናንት ስንት ብርጭቆ ወተት እንደጠጣ በትክክል አያስታውስም፤ ደሙ ግን ምልክት ይይዛል። ላም የበላችው ሣር ጨጓራዋ ውስጥ በባክቴሪያዎች ሲብላላ፣ በሌላ ምግብ ውስጥ እምብዛም የማይገኙ የቅባት ዓይነቶች ይፈጠራሉ፤ 15 እና 17 ካርቦን ያላቸው ፋቲ አሲዶች ይገኙባቸዋል። በ2014 ስምንት የአውሮፓ አገሮችን ያካተተው ኢፒክ ኢንተርአክት ጥናት እነዚህ ምልክቶች በደማቸው የበዙ ሰዎች በስኳር በሽታ የሚያዙት ባነሰ መጠን መሆኑን አገኘ። በ2018 ተመራማሪው ፉሚያኪ ኢማሙራና ባልደረቦቹ 16 ጥናቶችን፣ ከ63,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ምልክቶቹ ከፍተኛ የሆኑባቸው ሰዎች አደጋ በ30 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጦች «ሙሉ ወተት ከስኳር ያድናል» ብለው ጻፉ።

እኔ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ2017 እንዳሳዩት፣ ሰው ኢኑሊን የተባለውን አሰር ሲመገብ አንጀቱ ውስጥ ከሚፈጠረው ፕሮፒዮኔት ጉበቱ እነዚያኑ 15 እና 17 ካርቦን ያላቸውን ቅባቶች ይሠራል። ስለዚህ ምልክቱ የወተት ብቻ አይደለም፤ አሰር የሞላበት ገበታም ተመሳሳይ ምልክት ሊተው ይችላል። ወተት የተመሰገነበት ውጤት ከፊሉ የጥራጥሬና የአትክልት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደም ውስጥ ምልክት ከማየት ሰዎችን መድቦ መመገብ ይበልጣል፤ በሲያትል የተደረገው ይኸው ነው። ሜታቦሊክ ሲንድረም (እንደ ሆድ ውፍረት፣ የደም ግፊትና ከፍ ያለ ስኳር ያሉ ችግሮች መደራረብ) ያለባቸው 72 ሰዎች ለ12 ሳምንታት በሦስት ቡድን ተከፈሉ፦ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የቀነሱ፣ ቅባቱ የወጣለትን የወሰዱ፣ ሙሉ ቅባት ያለውን የወሰዱ። በ2021 የወጣው ውጤት ግሉኮስ ተጠጥቶ በሚደረገው ምርመራ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት እንደሌለ አሳየ። ሁለቱም ወተት የወሰዱ ቡድኖች ግን ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ በመጠኑ ቀንሷል፤ ሙሉ ቅባት የወሰዱትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ያቺን ኪሎ ከ2006ቱ ትንተና አጠገብ ሳስቀምጣት እንደ ትንሽ ነገር ላልፋት አልችልም።

ዛሬ ጥያቄው ስለ ቅባቱ መጠን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቅባቱ በምን መልክ እንደሚበላ ወደሚለው ዞሯል፤ ለእኛ ቤት የሚቀርበውም ይኸኛው ነው። በወተት ውስጥ ቅባቱ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገኛል። በ2015 ስዊድናውያን ለ57 ሰዎች ለስምንት ሳምንት እኩል የወተት ቅባት ሲሰጡ፣ በክሬም መልክ የወሰዱት መጥፎው ኮሌስትሮላቸው አልጨመረም፤ ሽፋኑ የጠፋበትን የቅቤ ዘይት የወሰዱት ግን ጨመረባቸው። እርጎ ሲናጥ ሽፋኑ ይሰበርና አብዛኛው ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ ቅቤው ሲነጠር ደግሞ የተረፈውም ይለያል። ጥናቱ ያተኮረው በኮሌስትሮል ላይ ስለሆነ ስለ ስኳር ፍርድ አይሰጥም። ነገር ግን በሌሎች ጥናቶች በእርጎና በአይብ የተገኘን መልካም ውጤት ወደ ንጥር ቅቤ ማዛወር እንደማይቻል ይነግረኛል። ቅቤን ለብቻው ያየው የ2016 ጥቅል ጥናትም ከስኳር በሽታ ጋር ያገኘለት ዝምድና በጣም ደካማ ነበር፤ ያም ቢሆን በቀን 14 ግራም ላይ የተሰላ ነው። የአንድ ዶሮ ወጥ ቅቤ በዚህ አይለካም።

ሌላም ልዩነት አለ። እነዚህ ጥናቶች የሚያወሩት ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ወተት ስለሚወስድ ሰው ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ከዐቢይ ጾም 55 ቀን በኋላ በአንድ ሌሊት ወደ ቅቤው ይመለሳል። የእሱ ገበታ በ«ቀን ስንት ጊዜ» አይቆጠርም።

በማርች 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ኩባያ እርጎ የሁለተኛውን ዓይነት ስኳር በሽታ አደጋ ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በምርቶች ላይ እንዲወጣ ፈቀደ፤ ማስረጃው ውስን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ በማዘዝ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ለሚጠይቀኝ ዘመድ ስኳር ያልገባበትን የቤት እርጎ አልከለክለውም፤ አሬራውንም እንዳይደፋው እነግረዋለሁ። ቅቤውን ግን በማንኪያ እየለካ እንዲጨምር፣ በየወሩም ሚዛን ላይ እንዲወጣ እለምነዋለሁ።