ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም

በአሜሪካና በሌሎችም አንዳንድ አገሮች አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች የተተኰሰውን ቀለህ ሰብስበው፥ በቤታቸው እንደ ገና ባሩድና እርሳስ እየሞሉ ይጠቀማሉ። ይህ ሥራ ወጪን ከመቀነሱም በላይ ጥይቱን ለጠመንጃው ተስማሚ አድርጎ ለማዘጋጀት ይረዳል። ነገር ግን ባሩድ መምረጥን ያላወቀ ሰው በዚሁ ሥራ ዓይኑን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምንገልጽላችሁ ባሩድ ከባሩድ የሚለየው በምን እንደ ሆነ ነው።

አስቀድመን ምላጩ በተሳበ ጊዜ የሚሆነውን እንመልከት። መርፌው በቀለሁ ቂጥ ያለችውን ትንሽ መለኰሻ ይመታታል፤ ከእርስዋ የሚወጣው እሳት ባሩዱን ያቀጣጥለዋል፤ ባሩዱም ወደ ትኩስ ጋዝ ተለውጦ እርሳሱን ይገፋዋል። የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ጥቂቱ በሜዳ ላይ ቢለኰስ ቦግ ብሎ ይነዳል እንጂ አይፈነዳም። በተዘጋ ስፍራ ግን ግፊቱ በጨመረ መጠን ቃጠሎው ይፈጥናል፤ ቃጠሎው በፈጠነ መጠንም ግፊቱ ይጨምራል። ባሩድ መምረጥ ማለት ይህን ግፊት በልክ መያዝ ማለት ነው።

በጥንት ዘመን ምርጫው ጠባብ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባል ጨው፥ ከከሰልና ከድኝ ይሠራ ነበር። ሲቃጠልም እኩሌታው ያህል ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከታጠቋቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ፥ ስሙን «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ያገኘው፥ ለዚሁ ጥቁር ባሩድ የተሠራ ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ከናይትሮሴሉሎዝ ጢሱ እጅግ ያነሰ ባሩድ ሠራ። በ1886 የወጣው የሌቤል ጠመንጃም ለዚህ ባሩድ ስለ ተዘጋጀ፥ በውጅግራ ላይ 11 ሚሊ ሜትር የነበረው የአፈሙዝ ስፋት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠበበ፤ የእርሳሱ ፍጥነት ግን ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ የባሩድ ዓይነት በዛ። ጭራሮ ወዲያው ነዶ ያልቃል፤ ግንድ ግን ቀስ ብሎ ይነዳል። ባሩድም እንደዚሁ ነው። ፋብሪካው ፍሬውን በማሳነስ ወይም በማተለቅ፥ በመጠፍጠፍ ወይም መካከሉ ቀዳዳ በሆነ ዘንግ መልክ በመሥራት፥ ደግሞም ቃጠሎን የሚያዘገይ ነገር በመቀባት ፍጥነቱን ይወስናል። ቀለሁ ትንሽ፥ አፈሙዙም አጭር ለሆነ ሽጉጥ ፈጣን ባሩድ ይስማማዋል። ቀለሁ ትልቅ፥ አፈሙዙ ጠባብ፥ እርሳሱም ከባድ ለሆነ ጠመንጃ ግን ዝግተኛው ይሻላል። ምክንያቱም ከባዱ እርሳስ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ፈጣኑ ባሩድ ነዶ ስለሚያልቅ፥ ግፊቱ ከብረቱ ዐቅም በላይ ይሆናል። የሽጉጥ ባሩድ በስሕተት የጠመንጃ ቀለህ ሞልቶ ቢተኰስ ጠመንጃው ይፈነዳል።

እንግዲህ መራጩ ሰው ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ያወጣውን ሠንጠረዥ ይመልከት እንጂ በጓደኛ ወሬ አይመራ። ሁለተኛ፥ የስም መመሳሰል አያታልለው፤ «አይ ኤም አር 4350» እና «ኤች 4350» ቍጥራቸው አንድ ቢሆንም ባሩዶቹ አንድ ስላልሆኑ፥ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሠራም። ሦስተኛ፥ በሠንጠረዡ ከተጻፈው ከመነሻው መጠን ይጀምር፤ በዐይን ሳይገምት በሚዛን ይመዝን። አራተኛ፥ ለቀለሁ ከሚስማሙት መካከል ቀለሁን ይበልጥ የሚሞላውን ይምረጥ፤ ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ባሩዱ ፈስሶ ስሕተቱን ይነግረዋልና። አምስተኛ፥ በሠራበት ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አያኑር፤ ከመጣበት ዕቃም ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጥ። ስድስተኛ፥ ሙቀት ግፊትን እንደሚጨምር አይርሳ፤ በብርድ ወራት ከድንበሩ የደረሰ ሙሌት በበጋ ፀሐይ ድንበሩን ሊያልፍ ይችላል። የጎመዘዘ ሽታ ወይም ቀይ ጢስ ያሳየ ባሩድም ተበላሽቷልና አይነካ።

በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት የሚያዘው በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ስለ ሆነ፥ ይህን የምንነግራችሁ በቤታችሁ እንድትሞክሩት አይደለም። ይሁን እንጂ ከአያት የተወረሰ ውጅግራ በዘመዱ ቤት ተሰቅሎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ያ ብረት የተሠራው ለጥቁሩ ባሩድ ግፊት ነው። «ባሩድ ያው ባሩድ ነው» ብሎ የዘመኑን ባሩድ ሞልቶ ሊሞክረው የሚነሣ ወጣት ቢኖር፥ ይህን ያነበበ ሁሉ እጁን ይያዘው። የአያት መታሰቢያ በግድግዳው ላይ እንደ ተከበረ ቢኖር ይሻላል።