የመንደር ውስጥ መንገድ ለእግረኛ ደኅንነት ምን ይጎድለዋል?

ባሕር ዳር፦ ባሕር ዳር በሰፋፊ ጎዳናዎቿ፣ በዘንባባዎቿ እና በብስክሌቶቿ ትታወቃለች። ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት እና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛ እና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ይሁን እንጅ የነዋሪው የዕለት ተዕለት እርምጃ በአብዛኛው በዋና ጎዳና ላይ አይደለም። በፋሲሎ ክፍለ ከተማም ኾነ በሌሎች ሠፈሮች ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ወደ ወፍጮ ቤት፣ አርሶ አደሩም አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚያቀናው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ እግረኛው እና የቤት እንስሳው ይጋፋሉ።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በመላው ዓለም በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለኾኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው።

የጉዳቱን መጠን ከምንም በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ኳስ ተከትሎ የወጣ ሕጻን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በደረቅ አስፋልት እና በደኅና ፍሬን ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 30 ቢኾን ኖሮ ጠቅላላው ርቀት ከ13 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሕጻኑ 13 ሜትር ላይ ብቅ ቢል በ30 የሚነዳው ሊቆም ሲቃረብ፣ በ50 የሚነዳው ገና ፍሬን አልረገጠም ማለት ነው። የክረምት ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን እና ከልክ በላይ የጫነ ባጃጅ ይህን ርቀት ይበልጥ ያስረዝሙታል።

ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ነዋሪዎች በራሳቸው ተነሳሽነት አፈር እና ድንጋይ ቆልለው የሚሠሩት ጉብታ ሌላ ችግር ያመጣል። ቀለም እና ምልክት ስለሌለው በምሽት ብስክሌተኛን ይጥላል፤ የጎርፉን መሄጃ ዘግቶም ውኃውን ወደ ቤት ይመልሳል። በቀበሌ በኩል ጠይቆ በመለኪያው መሠረት ማሠራት ጊዜ ቢወስድም ይሻላል።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። አዲስ አበባ ለገሃር መጋጠሚያ ላይ በቀለም እና በቀላል መከለያ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ፣ የሚያቋርጠው ርቀትም እንዲያጥር ተደርጎ ተሞክሯል። የማዕዘኑ ኩርባ ሲጠብብ አሽከርካሪው ለመታጠፍ ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይኾንበታል።

በመንደር ደረጃ ግን ከዜብራ ቀለም የሚቀድመው የቦይ ክዳን ነው። ክዳን የሌለው የጎርፍ መውረጃ፣ በመንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ እና ጠጠር እግረኛውን ወደ መሐል መንገድ ይገፉታል። በክረምት ጎርፉ ቦዩን ሲሞላው ደግሞ መንገዱ እና ጉድጓዱ አይለዩም፤ ሰውም ቦዩን ሸሽቶ ባጃጁ ሥር ይገባል። አሸዋውን የጣለው ባለቤት ማንሳት የሚችለው ነገር ስለኾነ በጀት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚገባው አርሶ አደር የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሁሉ ግራውን ይዞ ቢጓዝ ይመከራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሀገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያያል። ከብት የሚነዱ ከኾነ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ቢኾኑ መንጋው አይበተንም። አመሻሽ ላይ ነጭ ጋቢ ወይም የእጅ ባትሪ ከሩቅ ይታያል። በአህያ ላይ የተጫነ የባሕር ዛፍ አጠና ደግሞ እንስሳዋ ስትዞር ጫፉ የመንገዱን ግማሽ ይጠርጋል፤ ከኋላ ያለ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ከማስደንበር ይልቅ እስክታልፍ ቢቆም የሚያጣው ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ነው።