የገበያ ቀንና የነገው ትምህርት ቤት

ሰኞ ማለዳ ወደ ባቲ ገበያ የሚጐርፈውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፣ ከብት ከሚነዱትና ሸክም ከሚያግዙት መካከል ለትምህርት የደረሱ ሕፃናትን ቢያይ አይደነቅም። የሰንበቴ ገበያ በእሑድ ስለሚውል የትምህርትን ሰዓት አይሻማም፤ የባቲው ግን የሳምንቱን ሥራ መጀመሪያ ቀን ይዟል። በዚያ ቀን ከአባቱ ጋር ገበያ የዋለ ልጅ፣ ያመለጠው ትምህርት ማክሰኞ ቆሞ አይጠብቀውም።

እነሆ፣ ዘመኑ ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ የሚባሉ መሣሪያዎችን ይዞ መጥቷል። ነገር ግን ነጋዴ ዕቃ ሳይመረምር እንደማይገዛ ሁሉ፣ ይህንንም መመርመር ይገባል።

አገራችን በዚህ ረገድ ልምድ አላት። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቶ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። ሩቅ ያለው ተማሪ ከከተማው ተማሪ ጋር አንድ ትምህርት ማግኘቱ መልካም ነበር። ሆኖም ስርጭቱ በተወሰነለት ሰዓት መጥቶ ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት በጠፋ ጊዜም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የውጭ አገር ድርጅት፣ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ሕፃናቱ አጠቃቀሙን በራሳቸው እንደደረሱበትና የእንግሊዝኛ ፊደላትን ዜማ እስከማዜም እንደደረሱ ድርጅቱ ገልጿል። ከዚህ የምንረዳው፣ የሕፃን ጉጉት ከመሣሪያው ዋጋ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን ነው። ነገር ግን ፊደልን ማዜምና አንብቦ መረዳት የተለያዩ ናቸው፤ ይህን የሚለይ አስተማሪ ነው።

ለከሚሴና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የቋንቋ ነው። ልጁ በቤቱና በትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ በገበያው አማርኛም ይሰማል፤ ከፍ ሲል እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ጉግል የትርጕም አገልግሎቱን ለአማርኛ በ2008 ዓ.ም.፣ ለአፋን ኦሮሞ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ከፍቷል። ጅምሩ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፍ መተርጐም አንድ ነገር ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሲያነብ ሰምቶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማረም ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ለልጁ ወይም ለሰፈሩ ትምህርት ቤት መሣሪያ ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። አንደኛ፣ ትምህርቱ ያለ መስመርና ያለ መብራት ተቀምጦ ልጁን ይጠብቃልን? ሁለተኛ፣ በልጁ ቋንቋ ያስተምራልን? ሦስተኛ፣ ሲበላሽ እዚሁ ከሚሴ የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው ይገኛልን? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ የእኛ የነጋዴዎች ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጠን፣ መሣሪያው ይምጣ እያልን መለዋወጫውን ብንረሳ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል።

መሣሪያ አስተማሪን አይተካም፤ ሰኞ የቀረውን ልጅ ግን ማክሰኞ ከጓደኞቹ ጋር ሊያስተካክለው ይችላል። የዛሬው ልጅ የነገው ደንበኛችን፣ ጸሐፊያችንና ወራሻችን ነውና፣ ለእርሱ የምናወጣው ገንዘብ ከወጪ ሳይሆን ከመነሻ ካፒታል ይቈጠር።