ስለ ዲጂታል ፎቶግራፎች አጠባበቅ

የአንድን ሕዝብ ልማድ የሚያጠና ሰው ከጥናት ቦታው ሲመለስ ከማስታወሻ ደብተሩ ጋራ ይዞት የሚመጣው ታላቅ ማስረጃ ፎቶግራፍ ነው። የሸማኔው ጥበብ በፋብሪካ ጨርቅ ሲተካ፥ የለቅሶው ሥርዐት ሲለወጥ፥ ነገሩን የሚያውቁት ሽማግሎችም ሲያልፉ፥ ያው ሥዕል ዳግመኛ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ፎቶግራፍን ጠብቆ ማቆየት ራሱ የጥናቱ አንድ ክፍል ነው።

ቀድሞ ፎቶግራፍ በፊልምና በወረቀት ላይ ብቻ በነበረበት ዘመን፥ በሣጥን ተረስቶ የቈየ ሥዕል ቢደበዝዝም እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ለዓይን ይታይ ነበር። ዲጂታል ፎቶግራፍ ግን በቍጥር የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ከርሽ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ አንድን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ሲያስነብብ፥ ሥዕሉ በወርድ 176፥ በቁመትም 176 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። የዛሬው ካሜራ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነጥቦችን ይመዘግባል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው፤ ቍጥሩን የሚያነብ መሣሪያ ከሌለ ሥዕሉም የለም። ቸል የተባለ ፊልም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ቸል የተባለ ዲጂታል ሥዕል ግን አንድ ቀን ጨርሶ አልከፈት ይላል።

ለተመራማሪው የሚቀርቡት የማስቀመጫ መንገዶች በተለይ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ነው። ይህ ለመያዝ ቀላል ሲሆን ለመጥፋትም እንደዚያው ቀላል ነው፤ ሥዕሉን የያዘውም በጥቃቅን ክፍሎች የታገተ የኤሌክትሪክ ሙሌት በመሆኑ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ቢቀመጥ ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ለመንገድ እንጂ ለማኅደር አይሆንም። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ብዙ ሥዕል በመጠነኛ ዋጋ ይይዛል፤ ነገር ግን በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስላለው መውደቅና እርጅና ያበላሹታል። ሦስተኛው ሲዲና ዲቪዲ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈው አይፋቅም፤ ሆኖም ብርሃንና ሙቀት ይጎዱታል፥ ብዙዎቹ አዳዲስ ኮምፒዩተሮችም ማንበቢያ የላቸውም።

አራተኛው ክላውድ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሥዕሉን በኢንተርኔት አማካይነት ሌላ ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ማኖር ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም ዕቃ ቢሰረቅ ሥዕሉ ይተርፋል። ይሁን እንጂ የባለ ቤቱ ውል ይለወጣል፤ ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2021 አቁሟል። መንገዱም ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። ከዚህም ሌላ፥ ባለ ጉዳዮቹ ለአጥኚው ብቻ ያሳዩት የምስጢር ሥርዐት ከሆነ፥ ሥዕሉን ለሦስተኛ ወገን አደራ መስጠት ፈቃዳቸውን ማፍረስ እንዳይሆን ሊታሰብበት ይገባል።

አንዱም መንገድ ብቻውን ስለማይበቃ፥ ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ የፎቶግራፍ ባለሙያ ያስፋፋው ደንብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ይኸውም ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፥ ከሦስቱም አንዱ በሌላ ስፍራ ይሁን የሚል ነው። ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ በሁለት ቦታ እንዲኖር የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቅጂ ማብዛትም ብቻውን አይበቃም። ቊም ጸሐፊ ያረጀውን ብራና በአዲስ ብራና ላይ እየገለበጠ እንዳቈየው ሁሉ፥ ዲጂታል ሥዕልም መሣሪያው ሳያረጅ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ መሣሪያ መተላለፍና እየተከፈተ መመርመር አለበት። እርማት የሚደረገው በቅጂው ላይ ሆኖ መነሻው እንዳለ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካሜራው የሚሰጠው ተራ ቍጥር ስም ሊሆን አይችልምና፥ ቦታው፥ ቀኑ፥ የሥርዐቱ ስም በአገሬው ቋንቋ፥ ሰዎቹ የሰጡትም ፈቃድ ከሥዕሉ ጋራ ይጻፍ። ማንነቱ ያልተጻፈለት ሥዕል መቶ ዓመት ቢቈይ እንኳ ለሚመጣው ተመራማሪ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።