በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን

አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከቦ የሚገኘው ፈሳሽ በጤናማ ሰው ቀለም የለሽና የጠራ ነው። መጠኑ በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚመነጭ ሳያቋርጥ ይታደሳል። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ትልልቅ ሞለኪውሎችን ስለሚያግድ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ዴሲ ሊትር ከ15 እስከ 45 ሚሊ ግራም፣ በደም ውስጥ ካለው 200 ጊዜ ያህል ያነሰ። ከዚህም ከአምስት እጅ አራቱ ከደም ሰርጎ የገባ ሲሆን የቀረው እዚያው ይመረታል። አዲስ በተወለደ ሕፃን አጥሩ ገና ስላልጠነከረ ልኬቱ ከዚህ ብዙ ከፍ ቢል አያስደነግጥም።

ናሙናው የሚቀዳው በታችኛው ወገብ፣ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል በሚገባ መርፌ ነው። ዘዴውን ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኩዊንከ እ.ኤ.አ. በ1891 አስተዋውቋል። በላቦራቶሪ ፈሳሹ ፕሮቲን ከሚይዝ ማቅለሚያ ጋር ይዋሃድና የቀለሙ ለውጥ በብርሃን ይለካል። መርፌው የደም ሥር ነክቶ ደም ከተቀላቀለ ውጤቱ ያለ አግባብ ይጨምራል፤ ስለዚህ በአንድ ማይክሮ ሊትር ለተቆጠሩ 1,000 ቀይ የደም ሕዋሳት 1 ሚሊ ግራም ያህል ከውጤቱ ይቀነሳል።

የፕሮቲን መብዛት ብቻውን የበሽታውን ስም አይናገርም። በባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ልኬቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይበዛሉ፣ ስኳሩ ይቀንሳል። መንስኤው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ፣ ለጥቂት ሰዓታት በተቀመጠው ፈሳሽ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ነገር ሊረጋ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው ግን ጊያን፣ ባሬና ስትሮል የተባሉት ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1916 የጻፉት ነው። እጅና እግራቸው በሰነፈ ሁለት ወታደሮች ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ሕዋሳቱ ግን አልበዙም ነበር። ይህ አለመመጣጠን እስከ ዛሬ የጊያን ባሬ በሽታ ዋና ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑ ገና ላይጨምር ስለሚችል፣ ያን ጊዜ የተገኘ ጤናማ ውጤት በሽታው የለም ለማለት አያበቃም።

የፕሮቲኑን ምንጭ ለማወቅ ፈሳሹና ደሙ በአንድ ጊዜ ተቀድተው ይነጻጸራሉ። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን የሚመረተው በጉበት ብቻ ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ከደም አንጻር ከበዛ አጥሩ ላልቷል ማለት ነው። አልቡሚኑ ሳይበዛ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ከበዛ ደግሞ እዚያው ውስጥ እየተሠራ ነው። በመልቲፕል ስክለሮሲስ በአብዛኞቹ ሕሙማን ፈሳሽ ውስጥ፣ በደማቸው የማይታዩ የፀረ እንግዳ አካል መስመሮች ይወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የማክዶናልድ መስፈርትም ለምርመራው ማስረጃ አድርጎ ተቀብሏቸዋል።

በአልዛይመር በሽታ ጠቅላላው ፕሮቲን ምንም ላይለወጥ ይችላል። የሚለኩት ቤታ አሚሎይድ 42 እና ታው የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው አንጎል ውስጥ ስለሚከማች በፈሳሹ ውስጥ ይቀንሳል፣ ታው ግን ይጨምራል። ቤታ አሚሎይድ በብርጭቆና በአንዳንድ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ናሙናው በፖሊፕሮፒሊን ቱቦ መቀዳት አለበት፤ አለዚያ ቱቦው ያስቀረው ፕሮቲን እንደ በሽታ ምልክት ይቆጠራል።