ድሬ ወይስ ድሪ? ደማቅ፣ ድቡልቡልና ሰያፍ ፊደል

ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ድልድይ በባጃጅ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስታወቂያዎች ለማንበብ ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። የጭማቂ ቤቶችና የስፖርት ልብስ ሱቆች ስማቸውን በወፍራም፣ ጫፉ በተድቦለቦለና ወደ ቀኝ ባዘነበለ ፊደል ቢያስጽፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ውፍረቱ ከሩቅ ይታያል፤ ክብነቱ ገርነትን፣ ዝንባሌው ደግሞ ፍጥነትን ያሳስባል። ይህ ሁሉ ለላቲን ፊደል ይስማማዋል፤ የእኛን ፊደል ግን ዋጋ ያስከፍለዋል።

ሰያፍ ፊደል በኅትመት የተጀመረው በቬኒስ ነው። አታሚው አልዶ ማኑዚዮ፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ በቀረጸለት ፊደል፣ በ1501 እ.ኤ.አ. የቨርጂልን ሥራዎች አሳተመ፤ የቅርጹም መነሻ የዘመኑ ፈጣን የእጅ ጽሕፈት ነበር። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሲያሳትም ግን ፊደሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። የብራና ጸሐፊዎቻችንም አንድን ቃል ለይተው ለማሳየት ሲሹ ብርዓቸውን ቀይ ቀለም ያጠቅሱ ነበር እንጂ ፊደሉን አያዘነብሉም። እንግዲህ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላን የመሰለ፣ አንድ መልክ ብቻ ያለው ፎንት መርጠን “ደማቅ” እና “ሰያፍ” የሚሉትን ስንጫን የምናገኘው የባለሙያ ንድፍ ሳይሆን የኮምፒውተር ስሌት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ፣ ከፍታው በማዕዘኑ ታንጀንት ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ወደ ቀኝ ይገፋል። ማዕዘኑ 12 ዲግሪ ቢሆን ታንጀንቱ 0.21 ያህል ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊደል አናቱ 2.1 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ክብ የነበረውም ሞላላ ይሆናል፤ በአንድ አቅጣጫ 11 በመቶ ያህል ሲረዝም በሌላው 10 በመቶ ያህል ይጠባል።

አሁን የከተማችንን ስም እንመልከት። “ሬ”ን ከ“ሪ” የምትለየው በእግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። መስመሩ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ ከውስጥ ይሞላል፤ ፊደሉ ሲያዘነብል የተረፈው ቀዳዳ ይጠባል። በሌላ ወገን የ“ሪ” እግር ጫፉ ሲድቦለቦል ጉብ ብሎ የተደፈነ ቀለበት ይመስላል። ኃምሱና ሣልሱ መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው! ድሬ፣ ድሪ ሆና በአንገት ልትንጠለጠል ምንም አልቀራት። በከተማ ስም ላይ ሲሆን ያስቃል፤ በባዮሎጂ ደብተር ላይ “ሴል” “ሲል” ሆኖ ሲነበብ ግን አያስቅም።

ዝንባሌው ብቻውንም ችግር አለው። “ታ” ከ“ተ”፣ “ና”ም ከ“ነ” የሚለዩት እግራቸው ወደ ግራ በመታጠፉ ነው። ወደ ቀኝ ያዘነበለ “ተ” ደግሞ እግሩ ከአናቱ ወደ ግራ ይርቃል፤ ማለትም ሳይታጠፍ የታጠፈ መስሎ ይታያል።

ጠንቃቃ ንድፍ አውጪ ይህን በእጁ ያርመዋል። ቀለበቷን ያሰፋል፤ በዙሪያዋ ያለውን መስመር ያቀጥናል፤ የ“ሪ”ን እግር ሳያድቦለቡል ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ የ“ታ”ን እጥፋት ያጎላል፤ ዝንባሌውንም ይቀንሳል። እንዲህ የታረመ ፊደል ለመጽሔት ሽፋን፣ ለሕፃናት መጽሐፍ ርእስ፣ ለሱቅ ሰሌዳ ያምራል። በእኔ አስተያየት ለመድኃኒት መመሪያና ለፈተና ወረቀት ግን ታርሞም አይሆንም።

የሚጠራጠር አንባቢ በኮምፒውተሩ “ድሬ” እና “ድሪ” ብሎ ይጻፍ፤ ሁለቱንም ደማቅና ሰያፍ አድርጎ ያትማቸውና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ማንበብ እስኪሳነው ድረስ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ ኋላ ይራቅ። ከዚያም በቀጥተኛው ፊደል ይድገመው።