ከመያዣው መውጫውን ማሰብ፦ ሥራቸው ለሚጎዳ የዘንባባ ችግኞች የማሳደጊያ ዕቃ አመራረጥ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ከቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሳችን በመጀመሪያ እይታ ትንሽ ይመስላል፤ የችግኝ መያዣ ነው። በአብዛኛው ችግኝ ጣቢያ መያዣ የሚመረጠው በዋጋውና በመጋዘን ውስጥ በመገኘቱ ነው። ለባሕር ዛፍ፣ ለጽድ፣ ለግራቪሊያና ለቡና የምንጠቀምበት ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ለዘንባባም ይሰጣል። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ሲደርቅ ደግሞ «ዘንባባ መዛወር አይወድም» እንላለን። በእኔ እምነት በዚህ አባባል መያዣው ያደረሰውን ጥፋት ተክሉ ይሸከማል።

ዘንባባ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዘመድ ነው። በመትከያው ቀን የሚጠፋ አንድ ችግኝ የሁለትና የሦስት ዓመት ጥበቃ፣ ውኃና ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ዘሩ ከዱር የተለቀመ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በአፋር ቅጠሉ ለምንጣፍና ለልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠራበት ዱም ዘንባባ፣ በጋምቤላ ቆላ የሚገኘውና የዝርያ ስሙ የአገራችንን ስም የያዘው ቦራሰስ ኢትዮፒየም፣ ለሆሳዕና ቅጠሉን የምንይዘው ዘንባባ፣ ሁሉም በችግኝ ጣቢያ ሊባዙ የሚገባቸው ናቸው። ስለዚህ የመያዣው ጉዳይ የመጋዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ለዘንባባ መያዣ ስንመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ዘሩ ቡቃያውን ምን ያህል ወደ ታች ይልካል? ውኃ በመያዣው ውስጥ የት ይቆማል? ችግኙስ ከመያዣው እንዴት ይወጣል? ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው።

የዘንባባ ሥር በምን ይለያል?

ዘንባባ እንደ በቆሎና እንደ ጤፍ ባለ አንድ ክክ ተክል ነው። በባለ ሁለት ክክ ዛፎች ግንድና ሥር ውስጥ የሚገኘው፣ በየዓመቱ አዲስ እንጨት የሚያክለው የካምቢየም ሽፋን የለውም። ስለዚህ የዘንባባ ሥር ሲወጣ የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ይወጣል፤ በኋላ አይደነድንም። ከዘሩ የሚወጣው የመጀመሪያ ሥርም ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዋና ሥር አይሆንም። ጊዜው ሲደርስ ከግንዱ ግርጌ በሚወጡ ሌሎች ሥሮች ይተካል።

ከዚህ ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የሥር መጠማዘዝን ይመለከታል። በባለ ሁለት ክክ ዛፍ በመያዣ ውስጥ የተጠማዘዘ ሥር ከዓመታት በኋላ እየወፈረ ግንዱን ሊያንቅ ይችላል፤ የምንፈራውም ለዚህ ነው። የማይወፍር ሥር ግን በዚህ መንገድ አያንቅም። እንግዲህ ለሌሎች ዛፎች ትልቁ ስጋት የሆነው ለዘንባባ ትልቁ ስጋት አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ውጤት የሥር መቆረጥን ይመለከታል። በፍሎሪዳ ቲሞቲ ብሮሻትና ሄንሪ ዶንሰልማን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያካሄዱት ጥናት የዘንባባ ዝርያዎች ሥራቸው ሲቆረጥ የሚሰጡት ምላሽ እጅግ የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ሳባል ፓልሜቶ በተባለው ዝርያ የተቆረጡት ሥሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሞታሉ፤ ተክሉ ከግንዱ ግርጌ አዲስ ሥር እስኪያወጣ መጠበቅ አለበት። በኮኮናት ግን ከተቆረጡት ሥሮች ግማሽ ያህሉ ተርፈው እንደገና ይቀጥላሉ። እነዚህ ያደጉ ተክሎች ናቸው። ገና ሁለት ወይም ሦስት ዋና ሥሮች ብቻ ላሉት ችግኝ የአንዱ መቆረጥ የኑሮውን ሲሶ ወይም ግማሽ መውሰድ ነው። ለባሕር ዛፍ የተለመደው የሥር ቆረጣ በዘንባባ መደብ ላይ እንዳለ እንዳይሠራበት የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘሩ ወደ ታች የሚልከው ቡቃያ

የዘንባባ ዘሮች አበቃቀል በሁለት ሰፊ ክፍሎች ሊታይ ይችላል። ኮኮናትና የዘይት ዘንባባ ቡቃያቸውን ከዘሩ አጠገብ ያወጣሉ። ቴምር፣ የእኛው ዘንባባ፣ ዱምና ቦራሰስ ግን ከዘሩ ውስጥ እንደ እትብት ያለ ዘንግ ወደ ታች ይልካሉ፤ ሥሩም ቅጠሉም የሚነሡት ከዚያ ዘንግ ጫፍ ነው። በዘሩ ውስጥ የሚቀረው መጣጭ አካል ስንቁን እያሟሟ በዘንጉ በኩል ለችግኙ ይልካል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ እትብት ቢበጠስ ችግኙ ስንቁን ያጣል።

የዘንጉ ርዝመት እንደ ዝርያው ይለያያል። በቴምር ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ዱምና ቦራሰስ ግን ቡቃያቸውን በጥልቀት ይቀብራሉ፤ እሳትና ድርቅ በሚፈራረቁበት ሜዳ ለሚኖር ተክል ይህ መልካም መከላከያ ነው። እንዲህ ያለውን ዘር 15 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ከረጢት ውስጥ ስንዘራው ዘንጉ ከታችኛው ወለል ጋር ይጋጫል፤ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ቀዳዳ ካገኘ ወጥቶ መደቡ ውስጥ ይገባል። መደቡ ውስጥ የገባ ችግኝ በሚነሣበት ቀን ምን እንደሚደርስበት ግልጽ ነው።

ውኃ በመያዣው ውስጥ የት ይቆማል?

ይህን በወጥ ቤት ስፖንጅ ማየት ይቻላል። ስፖንጁን በውኃ አርሳችሁ በጀርባው አግድም ያዙት፤ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ በቁመቱ አቁሙት። እንደገና ውኃ ይፈስሳል። የስፖንጁ መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቁመቱ ነው።

በመያዣ ውስጥ ያለ አፈርም እንዲሁ ነው። ውኃው ፈስሶ ካበቃ በኋላ ከታች በኩል በውኃ የተሞላ ሽፋን ይቀራል። የዚህን ሽፋን ውፍረት የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት እንጂ የመያዣው ቁመት አይደለም። ስለዚህ በአጭር መያዣ ውስጥ እርጥቡ ሽፋን የሥሩን ቤት አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ በረጅም መያዣ ውስጥ ግን ከላይ አየር ያለው በቂ ስፍራ ይተርፋል። ከታች ጠጠር መደልደልም ይህን አያስቀርም፤ ውኃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ እርጥቡን ሽፋን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል። ጥልቅና ጠባብ መያዣ እንግዲህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለዘንጉ መንገድ፣ ለሥሩ አየር ይሰጣል።

መያዣዎቹን ስናነጻጽር

የጋራ ማብቀያ ሳጥን ዘርን ለማስበቀል ርካሽ ነው፤ ችግኞቹ ግን አብረው መቆየት የለባቸውም። ሥሮቻቸው ከተጠላለፉ በኋላ መለየት መቅደድ ነው።

የፕላስቲክ ከረጢት ዋና ጥቅሙ በምላጭ ተቀድዶ መወገዱ ነው፤ ችግኙን መሳብ አያስፈልግም። ጉድለቱ ጥቁር ቀለሙ ነው፤ ቆላ ፀሐይ ላይ ግድግዳው ይግልና ሥሩን ይጎዳል። ከረጢቶቹን አጠጋግቶ መደርደርና በተለይ የዳር ዳሮቹን በጥላ መሸፈን ይገባል። ወለሉ ክፍት የሆነውን ዓይነት በሽቦ መረብ አልጋ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ወደ ውጭ ብቅ ያለ ሥር ጫፉ በአየር ይደርቃል እንጂ መሬት ውስጥ ገብቶ በኋላ አይቀደድም። ይህ ግን ጉዳትን ማቅለያ ነው፤ ለዘንባባ እንደ ግብ ሊያዝ አይገባውም።

የሸክላ ዕቃ ግድግዳው ስለሚተነፍስ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥሩ ግን በሻካራው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ሸክላን ከመረጥን ለመስበር መዘጋጀት አለብን።

የቀርከሃ ቁራጭ በገጠር ሊታሰብ የሚችል አማራጭ ነው። የቆላው ቀርከሃ ግንዱ ድፍን ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋው ግን አንጓው ተሰርስሮ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በገመድ ከታሰረ እንደ ረጅም ሳጥን ያገለግላል። በከተማ ደግሞ የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በሽቦ ታስሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

መውጫው

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። በችግኙ ሕይወት ውስጥ ሁለት የደኅንነት ጊዜያት አሉ። አንደኛው ዘሩ እንደበቀለ፣ ዘንጉ ብቅ ሲል፣ ሥሩ ገና ቅርንጫፍ ሳያወጣ ነው። በዚያ ጊዜ ዘሩን ከነዘንጉ በጥንቃቄ አንሥቶ ወደ ጥልቁ መያዣ ማስገባት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይዞ አንድ ጓል ሲያደርገው ነው። አደገኛው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ሥሩ ተዘርግቷል፣ አፈሩን ለመያዝ ግን አልበቃም። በዚህ ወቅት መያዣው ሲወልቅ አፈሩ ይፈርሳል፣ ሥሩም አብሮ ይበጠሳል። «ትንሽ ሳለ ይተከል» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚጥለን እዚህ መካከል ነው።

ከዚህ በመነሣት ምክሬን በዝርያ ከፋፍዬ ላቅርብ። ለቴምርና ለእኛው ዘንባባ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀትና 10 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ከረጢት ለመጀመሪያው ዕድገት ይበቃል። ለዱምና ለቦራሰስ የተሻለው ዘሩን በሚኖርበት ቦታ መዝራት ነው፤ ግድ ከሆነ ከ50 ሴንቲሜትር ያላነሰ፣ የሚከፈት ቱቦ ይዘጋጅ። ለኮኮናትና ለዘይት ዘንባባ ከጥልቀት ይልቅ ሰፋ ያለ ከረጢት ይስማማል። የአፈር ድብልቁም ውኃ የሚያሳልፍ ሆኖ ሲነሣ የማይበተን መሆን አለበት፤ አሸዋ የበዛበት ድብልቅ በመትከያው ቀን ይከዳል።

በመትከያው ዋዜማ ችግኙ ውኃ ይጠጣ። ከረጢቱ በመጀመሪያ ወለሉ፣ ከዚያ ሁለት ጎኑ በምላጭ ይቀደድ፤ ጓሉ ጉድጓዱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ፕላስቲኩ ይሳብ። ቱቦም ከሆነ ሽቦው የሚፈታው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ችግኝ በቅጠሉ አይሳብ፤ የተጠላለፈ ሥርም «ይላቀቅ» ተብሎ አይፈታ፤ እንዳልነው የዘንባባ ሥር አያንቅም፣ መበጠሱ ግን ይጎዳል። የግንዱ ግርጌም በመያዣው ውስጥ ከነበረበት ከፍታ አይብለጥ፣ አይነስ። አዲሶቹ ሥሮች የሚወጡት ከዚያ ነውና።

ተማሪዎቼ፤ በየአካባቢያችሁ የሚገኘውን ዘንባባ ዘር በመስተዋት ወይም በሚከፈት ቱቦ ውስጥ ዘርታችሁ ዘንጉ የወረደበትን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ለችግኝ ጣቢያዎቻችን ግን የከረጢት መጠን ሊወስን የሚችል ሥራ ነው። የመያዣ ግዢ የሚፈርሙ ወገኖችም ከዋጋው ጎን ይህን አንድ ጥያቄ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፤ ችግኙ ከዚህ ዕቃ ሥሩ ሳይነካ በምን መንገድ ይወጣል?

 መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።